የዳቦ ቁልፍ

ፓሌርሞ ላይ ፀሐይ ቀስ ብላ አትወጣም፤
እንደ ቤተኛ ናት፣ በር አታንኳኳም።
ገበያ መሀል ገብታ ብርቱካን ትነካለች፤
የሰይፍ ዓሣን አፍንጫ እንደ ካራ ትስላለች።
ካርታዬን ብዘረጋ ነፋሱ ነጠቀኝ፤
ዘይት ዳር የቆመው ሰውዬ ሳቀብኝ፤
ትኩስ የሽንብራ ቂጣ በዳቦ ጠቅልሎ
«ካርታ አይበላም፣ እንካ» አለኝ ተቻኩሎ።

ካቴድራሉ ደጃፍ አንድ ዓምድ ቆሟል፤
ቁርዓን ተቀርጾበት ቤተ ክርስቲያን ይሸከማል።
ማን ለማን እንደሠራው፣ ማን ከማን እንደወሰደው፣
ድንጋዩ አያወራም፤ ጣሪያውን ነው የያዘው።

በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ያዝኩ።
ስንዴው ገና አረንጓዴ፣ ለውዙ አበባውን አራግፏል።
ሳሌሚ ኮረብታ ላይ፣ ግማሿ የፈረሰ፣
ግማሿ ሊጥ የሚያቦካ፣ እጁን በዱቄት የለወሰ።

ሊቦርያን አገኘኋት፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፤
ቢላዋዋ የሰላ ነው፣ ይብስ እንጂ አንደበቷ።
ለቅዱስ ዮሴፍ ማዕድ ከሊጥ ትቀርጻለች፤
መጋዝ፣ መዶሻ፣ መሰላል፣ ጣዎስም ትፈለፍላለች፤
ጨረቃና ፀሐይን በአንድ ትሪ ታስተኛለች፤
እንቁላል ቀብታ ወደ እቶን ትሰዳለች።
«ዝም ብለህ አትገተር፣ ለዓሣው ቅርፊት አውጣለት።»
አወጣሁ። ጠመመ።
«ይሁን፣ ቅዱሱ አናጢ ነው፣ ያቃናዋል» ብላ ሳቀችበት።

በበዓሉ ዕለት ዳቦው ባርሰነት መሀል ተሰቀለ፤
ሎሚው እንደ ፋኖስ ከየቅጠሉ ሥር ዋለ።
ሦስት የሰፈር ልጆች ቅዱሳን ተባሉ፤
እጃቸውን ታጥበው ከሰው ሁሉ በፊት ይበላሉ።
ኢየሱስ የሆነው ጋስፓሪኖ፣ ሰባት ዓመቱ፣
እንስላሉን አየና ተኮማተረ ፊቱ።
እናቱ አፈጠጠች፤ ከበሮው ጠበቀ፤
አንዲት ጉርሻ ዋጠና አደባባዩ ደመቀ።

ከዚያ ለእኛ ቀረበ፣ ፍርፋሪ የለበሰ ፓስታ።
«ሰጋቱራ ነው» አሉኝ «የአናጢው»፣ በፈገግታ።
አስተርጓሚዬ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት፤
እኛም ቤት ሰጋቱራ ነው፣ ልጅ ሆኜ የጠረግኩት።
ቃሉ በየት በኩል ባሕር እንደተሻገረ
አልጠየቅሁም፤ ጎረስኩ። ጉሮሮዬ ላይ ትንሽ ቆየና አደረ።

ማታ እቶኑ ሲበርድ አንድ ነገር አየሁ ጥግ ላይ፤
ረጅም፣ ባለ ጥርስ፣ የዳቦ ቁልፍ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ ለብቻው የሚታይ።
«ይሄስ የየትኛው ቅዱስ ነው?»
«የማንም። የቤቴ ነው።
ያን ጥር፣ በስድሳ ስምንት፣ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣
በሩ ከነመቃኑ ሄደ፤ ቁልፉ ቀረ ኪሴ ውስጥ።
ብረቱን ዝገት በላው፤ እኔ በየዓመቱ እጋግረዋለሁ፤
ጥርሱን እጄ ያውቀዋል፤ ስንት ነው ብትለኝ ግን እረሳለሁ።»
በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ማዕበል ከመጣ ቁራሽ ወርውር፤
ከጥንትም እንዲህ ነው፣ ነፋሱ በልቶ ይደር።»

የናፖሊ መርከብ ላይ ሌሊት ባሕሩ ተቆጣ፤
ብርጭቆ ተንከባለለ፣ ከጎኔ ያለው ነጋዴ እያቃሰተ ወጣ።
እኔም ወጣሁ። የቁልፉን ጥርስ ሰብሬ ወረወርኩ፤
አንዱን ለሊቦርያ በር፣
አንዱን ጣሪያ ለያዘው ድንጋይ፣
አንዱን ለማን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ብቻ ወረወርኩ።
ባሕሩ አልሰማኝም፤ እስኪነጋ ዘለለ።
መዳፌ ላይ የቁልፉ ቀለበት ብቻ ቀረ፣ ሎሚ ሎሚ እያለ።

ናፖሊ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች፤ ራበኝ፤ ነከስኩት።
እንደ ድንጋይ ደርቋል።
በምራቄ አርሼ፣ ቀስ ብዬ፣ ከፈትኩት።